ጋሼን በአያቴ ስም የጠሯቸው ሰዎች

አጎቴ ጋሼ ከሞቱ በኋላ፣ ወጣት ሳሉ የገቡበት ፍራተርኒቲ፣ የኮሌጅ ወንድማማቾች ማህበር ማለት ነው፣ የሞቱ አባላቱን ስም እየጠራ የሚያስብበት ዝግጅት ሪቻርድሰን ከተማ ላይ አደረገ። ቤተሰቡን ወክዬ እኔ ሄድኩ፤ ማለቴ፣ ከኛ ውስጥ እንደኔ ሱት የሚያምርበት የለም። ሶ የጋሼ ተራ ሲደርስ የአባታቸውን፣ የአያቴን ስም ብቻ ጠሩ። ከመንደራቸው ወጥተው የማያውቁትን አያቴን።

ደሜ ፈላ። ጋሼ እኮ ክሊኒክ ስወስዳቸው ነርሷ በአባታቸው ስም ከጠራቻቸው አይነሱም። "የጠራሽው አባቴን ነው፤ እሱ ደግሞ አልታመመም" ይሏታል። ስንቴ ተራችን አለፈን።

ማይኩን ቀማሁና "ወንድማችን ትላላችሁ፣ ስማቸውን እንኳን አታውቁም" አልኳቸው።

አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ተነሳ። "እናውቃለን። ‹በአባቴ ስም ጥሩኝ› ያለን ራሱ አጎትህ ነው። ‹አባቴ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም፣ በኔ በኩል ኮሌጅ ይግባ› አለን።"

ማይኩን መለስኩ። ሰዎቹን ግን አሁንም አልወደድኳቸውም። እርስዎም ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት በመኪና እያመላለስኩዎት ለፈረንጅ ነግረው ከኔ መደበቅዎ አናዶኛል። እኔም እኮ ኮሌጅ አልገባሁም። በኔ ስም ማን ይግባልኝ ብለው ነው ዝም ብለው የሄዱት?