ሰላምታ ካልተሰጠ የማይሄደው ፈረስ

መምህርት ነኝ፤ ግን ከተማሪ በቀር ሰው ፊት ስቆም ልቤ ይደልቃል። ርዕሰ መምህራችንን ከሩቅ ካየሁማ መንገድ ቀይሬ ነው የምሄደው። ጎረቤቴ ጋሽ ይመር ይህን ታዝበው፣ «ልጄ፣ ፈረስ መጋለብ ብትለምጂ ልብሽ ይረጋል» አሉኝና ዳማ ፈረሳቸው ላይ ያለማምዱኝ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ብቻዬን ለቀቁኝ። ቀኑ ገበያ ነው፤ የመካነ ሰላም መንገድ በሰው ተሞልቷል። ፈረሱ የመጀመሪያው ገበያተኛ ዘንድ ሲደርስ ቀጥ አለ። ባባብለው፣ ብለምነው ወይ ፍንክች! ለካ ጋሽ ይመር ሰውን በደንብ ሳይጠይቁ አያልፉም፤ ፈረሱም ይህንኑ ለምዷል።

«እንዴት ዋላችሁ? ልጆቹስ? ከብቱስ? አዝመራውስ?» አልኩ እየተንቀጠቀጥኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉኝ ሰውየው። ፈረሱ ተራመደ።

እንዲህ እያልኩ ሃያ ሰው ያህል ጠየቅሁ። መንቀጥቀጤ መቼ እንደተወኝ እንጃ።

ከዚያ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ርዕሰ መምህሩ! ፈረሱ ቆመ። ጤናቸውን ጠየቅሁ፣ ልጆቻቸውን ጠየቅሁ፣ ከብት ባይኖራቸውም ከብታቸውን ጠየቅሁ። ንቅንቅ የለም።

ርዕሰ መምህሩ የፈረሱን አንገት ዳበስ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አዝመራውን ረሳሽ» አሉኝ። «እኔም የሰው ፍርሃት የለቀቀኝ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።»