ያልቀመስሁት ካሪ

ከሙን በጋለ ዘይት ውስጥ ሲንጣጣ የሚያወጣው ድምፅ አለ። በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከእኔ ቤት በላይ ያለችው ሕሊና የምትባል ልጅ ከስልኳ እያየች የሕንድ ምግብ መሥራት ከጀመረች ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ድምፅ በወጥ ቤቴ መስኮት ይገባል፣ ሽታውም ተከትሎት ይመጣል፣ እኔም የማጥበውን ሳህን አስቀምጬ ቁጭ እላለሁ። ሌላው ሰው ምራቁን የሚውጥበት ሽታ ነው። እኔ ግን ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ እናቴ ማንኪያ ይዛ ፊቴ ትቆምና «እህ? ነው?» ትለኛለች፤ እኔም እንደገና እዋሻለሁ።

አባቴ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ የላቦራቶሪ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበር። ከደሴ በሥራ ተዛውሮ መጥቶ፣ እናቴን አግብቶ የቀረ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የማያወጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ወዳጅ የሚለው አንድ ሰው ቢኖር ሚስተር ጎፓል የሚባል ሕንዳዊ መምህር ሲሆን፣ እሱም በየወሩ ሐይቁ ዳር ወደነበረች አንዲት የሕንድ ምግብ ቤት ይዞት ይሄድ ነበር፤ አባቴም የጣቶቹ ጫፍ ቢጫ ሆኖ፣ ከወትሮው ትንሽ ፈታ ብሎ ይመለስ ነበር። እናቴ «ዛሬም ቀለም ነክረው ሰደዱህ?» እያለች ትስቅበት ነበር እንጂ አብራው ሄዳ አታውቅም፤ ውጭ መብላት ለእሷ ቤት እንደሌለው ሰው መሆን ነበር።

አንድ የበጋ ቅዳሜ እኔን ይዘውኝ ሄዱ። የዶሮ ካሪው በትንሽ የብረት ሳህን ቀረበ፤ መልኩ ብርቱካንማ ቀይ ነበር፣ ላዩ ላይ ነጭ ክሬም ተጠማዞበት ነበር፣ ሽታው ግን ከማውቀው ወጥ ሁሉ የተለየ ስለሆነብኝ አፌን ገጠምሁ። ሚስተር ጎፓል በተሰባበረ አማርኛው ለመነኝ፤ አባቴ ጠቅልሎ ወደ አፌ ሲያመጣው ፊቴን አዞርሁ፤ እሱም አላስገደደኝም፣ ጉርሻውን ራሱ በላው። እኔ ቅቤ የተቀባ ቂጣቸውን በለስላሳ እያወራረድሁ ውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ፔሊካኖች ሳይ ቆየሁ።

በማግሥቱ ግን ለግቢያችን ልጆች ሌላ ነገር አወራሁ። አንድ ሳህን ሙሉ እንደጨረስሁ፣ እንደ እሳት እንደሚያቃጥል፣ ኮምጠጥም እንደሚል፣ እንባዬ እየወረደ እንኳ እንዳላቆምሁ ነገርኋቸው። እናቴ ልብስ እያሰጣች ሰማችኝና «ይች ጉደኛ!» ብላ ተገረመች። አባቴ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ፣ ያን ድምፅ የሌለውን ሳቁን ሳቀና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። አላጋለጠኝም።

ሰኔ ሲገባ ሚስተር ጎፓል ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሄደ፤ የምግብ ቤቷም ሕንዳዊ ሼፍ እንዲሁ ወደ አገሩ ስለተመለሰ ቤቷ ተዘጋች። አባቴ ከፋሲካ ጀምሮ ሆዱን ያመው የነበረው በዚያው ሰሞን ጠንቶበት፣ ሐኪሞቹ ከፍተው አዩትና መልሰው ሰፉት። እናቴን ለብቻዋ ጠርተው «ያማረውን ይብላ» አሏት። የሚያምረው ግን አልነበረም። አጥሚት፣ የዓሣ ሾርባ፣ እርጎ፣ የምታቀርበውን ሁሉ አንዴ ሞክሮ ያስመልሰው ነበር፤ አንዴ ካስመለሰው ደግሞ ስሙ ሲነሳ እንኳ ያጥወለውለው ነበር። እናቴ ምግብ ይዛለት በገባች ቁጥር በዓይኗ ይቅርታ ትለምነው ነበር።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ «ያን የሕንዱን ካሪ ባገኝ እበላ ነበር» አለ። ቀልድ ይመስል ነበር። እናቴ ግን ነጠላዋን ለብሳ በዝናቡ ወጣች።

ከምግብ ቤቷ ሠራተኞች አንዷ የነበሩትን እትዬ ብርቄን ጠይቃ ጠይቃ ግሽ አባይ ሰፈር አገኘቻቸው፤ እኔም የሚሉትን ልጽፍ ደብተሬን ይዤ አብሬያት ሄድሁ።

«እኔማ ምኑን አውቄው እናቴ፣ ሥራዬ ሽንኩርት መላጥ ነበር» አሉ እትዬ ብርቄ። «ሼፉ ቅመሙን ሲጨምር ጀርባውን ይሰጠን ነበር። ግን በጎን አይ ነበር። እንደ ወጣችን ሽንኩርቱን በደረቁ እንዳታቁላሊው። ከቲማቲምና ከለውዝ ጋር ቀቅለሽ፣ ፈጭተሽ፣ በወንፊት አጥልይው። ከሙኑን፣ ድንብላሉን፣ እርዱን በዘይት አግይና እሱን ገልብጭበት። ከዚያ ክሬም። ከዚያ ትንሽ ስኳር።»

«ስኳር? በዶሮ?»

«ስኳር ነው ያልሁሽ። መጨረሻ ላይ ደረቅ ቅጠል በመዳፉ አሽቶ ይነሰንሰዋል። የአብሽ ቅጠል።»

አብሽን በፍሬው እንጂ በቅጠሉ የምናውቀው አልነበረምና ገበያ ብንጠይቅ ሳቁብን። እናቴ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አፈር ሞልታ አብሽ ዘራች። ክረምቱ ያለፋታ ይዘንብ ነበር፣ ሐይቁ ደፍርሶ ቡና የመሰለ ውኃ ሆኖ ነበር፣ አባቴ በየቀኑ እየቀለለ ይሄድ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ጧት ተነስታ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ ጀሪካኑን ታይ ነበር። ቅጠሉ አንድ ጣት ሲያህል ቆርጣ ከቡታጋዙ በላይ አንጠልጥላ አደረቀችው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያውን ድስት ሠራች። በቀጥታ ለአባቴ አላቀረበችውም። «ካልሆነ አንዴ ነው የሚያስመልሰው፣ ከዚያ በኋላ አይነካልኝም» አለችኝ፤ «ከአባትሽ ሌላ የምግብ ቤቱን የቀመስሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሮሚዬ፣ በደንብ አጣጥመሽ ንገሪኝ።» ማንኪያውን እፍ ብላ አብርዳ አጎረሰችኝ። መጀመሪያ ጣፈጠኝ፣ ከዚያ የለውዙ ወፍራም ጣዕም መጣ፣ ከኋላ ቅጠሉ ትንሽ መረር አለኝ።

«እህ? ነው?»

አልቀመስሁትም ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል አይሞላም። ነገር ግን ለግቢው ልጆች ያቃጥላል ብዬ ነበር፣ እሷም ሰምታኝ ነበር፤ ይኼ ደግሞ አያቃጥልም። «አይደለም» አልሁ። «የምግብ ቤቱ ያቃጥል ነበር። ጣፋጭ አልነበረም።»

እናቴ ፊቷ ሲወድቅ አየሁት። እሷም ቀመሰችና፣ «እኔንስ ጥሞኝ ነበር» ብላ ድስቱን ለጎረቤት ልጆች ሰጠችው። ጠርገው በሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቤት የሚመራው በእኔ ምላስ ነበር። ስኳሩን አወጣች፣ አይደለም አልኋት። ክሬሙን ተወች፣ ሎሚ ጨመረች፣ ቀረብ ብሏል አልኋት። ፍልሰታ ገባ፤ ልጅ ሁሉ በሚጾምበት፣ እሷም ውኃ ሳትቀምስ በምትውልበት ጾም፣ «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ብላ አስገድፋ አስቀመሰችኝ። ስንት ቀን አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ነገ እነግራታለሁ አልሁ። ነገ ሲሆን ማንኪያውን ይዛ ስትመጣ የዓይኖቿን ተስፋ አይና ሌላ ውሸት እፈጥርላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ያን ውሸት ልትሠራው ትሮጥ ነበር። ለነገሩ እኔ ራሴ ማመን ጀምሬ ነበር፤ በእርግጥ የቀመስሁት ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ አባቴ ያለ ሰው እርዳታ መቀመጥ አቃተው። እናቴ የዚያን ቀን የሠራችው በርበሬም ሚጥሚጣም የገባበት ነበር። ድካሟን አይቼ፣ ይብቃት ብዬ፣ «ነው!» አልኋት። አቅፋ ሳመችኝ። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ያ ስሞሽ ነው።

ሳህኑን ይዛ ገባች፣ እኔም ከኋላዋ። «የሕንዱ ካሪ ነው» አለችው። አባቴ ዓይኑን ገለጠ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ለምግብ ብሎ ቀና አለ። ጎረሰ። ፊቱ ተኮማተረ፣ ላብ አጠመቀው፣ እንደምንም ዋጠውና ሳህኑን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው። «ይኼ የእኛው ወጥ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እንዴ! ሮሚ እኮ ናት ልክ ነው ያለችኝ! ሁለት ወር ሙሉ እሷ እየቀመሰች!»

አባቴ ዞሮ አየኝ። በዚያች ቤት ከእኔ ሌላ እውነቱን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ ፊቴን ሳዞር ጉርሻው በእጁ የቀረው እሱ ነበር። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እናቴን፣ «ልክ ናት» አላት። «ልክ ነው። የተበላሸው የእኔ አፍ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ምንም አላማረውም። ኅዳር ሲገባ ቀበርነው።

አንድ ድስት ካሪ አባቴን እንደማያድነው አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን አንድ ምሳ በልቶ ይሞት ነበር። ያን ምሳ ከለከልሁት፣ ለዚያውም ለጉራ።

ባለፈው ቅዳሜ ሕሊና ክዳን ያለው ሳህን ይዛ ወረደች። «እትዬ ሮማን፣ እስቲ ቅመሱልኝ። አዲስ አበባ ምግብ ቤት የበላሁትን ለመሥራት ስንት ወር ፈጀብኝ! ዛሬ የሆነልኝ ይመስለኛል። ሳህኑን በኋላ እወስዳለሁ» አለችና ወጣች። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ሶፋው ላይ ነበረች። ዓይኗ ደክሟል፣ አፏ ግን ደህና ነው። አንድ ማንኪያ ሰጠኋት፣ አንድ እኔ ወሰድሁ።

መጀመሪያ ጣፈጠኝ። ከዚያ የለውዙ ወፍራም ጣዕም መጣ፣ ከኋላ ቅጠሉ ትንሽ መረር አለኝ። ማንኪያው በአፌ ውስጥ ቀረ።

እናቴ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ቆም አለች፣ እንደገና አላመጠች። «ይኸማ የመጀመሪያው ነው» አለች። «ያ የጎረቤት ልጆች የበሉት። በጀሪካን ያበቀልሁት አብሽ።» ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። አላየችኝም ይሆናል፣ ብቻ መለሰች። «ረስተሽው ነበር ማለት ነው፣ ሮሚ?» አለችኝ።

እንደ አባቴ እሷም ማምለጫ በር ከፍታልኝ ነበር። «አዎ እማዬ» አልሁ፤ «ልጅ አልነበርሁ?»

«ልጅ ነበርሽ» አለችና ማንኪያዋን መለሰችልኝ። ሌላ አልፈለገችም።

ያኔ ቤታችን ጠባብ ነበር፣ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ከእኔ አፍ የምትወጣ አንዲት ቃል ግን ድስቱን ከወጥ ቤት አባቴ አልጋ ድረስ ልታደርሰው ትችል ነበር። ዛሬ ቤቱ ሰፊ ነው፣ አያፈስም፣ ቃሉን ብናገረው የሚደርስበት አልጋ የለም። ሕሊና ሳህኗን ልትወስድ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «እሺ እትዬ፣ ነው?» አለችኝ።

«ነው» አልኋት።