አንድ እግር፣ ሁለት መኪና

ባሌ አንድ ነገር ለመወሰን ሲነሳ እኔ መርፌዬን አስቀምጬ አገጬን በእጄ እደግፋለሁ፤ ቶሎ አያልቅምና። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። በእኛ ሙያ ጨርቅ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ በቃ። እሱ ግን ይለካል፣ ደግሞ ይለካል፣ መቀሱን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ይኸው አራት ወር ሙሉ በቤታችን የሚበላውም የሚጠጣውም ፍሬን ሆኖ ቀረ።

የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ባልደረቦቹ «ሐር» ይሉታል። አውቶቡሱ ሲቆም አይታወቅም፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሻይ በብርጭቆ ይዞ ቢሳፈር ጠብ ሳይልበት ይወርዳል። አለቃው አዲስ ሹፌር ሲቀጠር ከባሌ ኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጠውና «እግሩን እይ» ይለዋል። እኔም ባይነግሩኝ እንኳ እኮራበታለሁ።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። ከጎረቤታችን አንዲት ያረጀች ባለሁለት በር መኪና ገዛ፤ የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ጣለ። ከከተማው ወጣ ብሎ የእሽቅድምድም ሜዳ አለ፤ በወር አንድ ቅዳሜ ለፈለገ ሰው ይከፍቱታል። ውድድር አይደለም፣ ሽልማት የለውም፤ የራስ ቁርህን ደፍተህ በራስህ መኪና የቻልከውን ያህል እየፈጠንክ መዞር ነው። ሳምንቱን በሙሉ ከፌርማታ ፌርማታ ሲንፏቀቅ ለሚውል ሰው ይህም ይነፈጋል? ይተንፍስ ብዬ ተውኩት።

ከአራት ወር በፊት ግን ከዚያ ሲመለስ የመኪናዋ ወለል ጠጠር ሞልቶበት አገኘሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ትንሽ ከመንገድ ወጣሁ።»

«ትንሽ ማለት?»

«ፍሬኑ ሰመጠ» አለና ሾርባውን ቀጠለ።

ጥቂት ዙር ከዞረ በኋላ ፍሬኑ ይግላል፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆንና እየረገጡት መኪናው አይያዝም። ያን ቀን ዳር ላይ የፈሰሰው ጠጠር ይዞ አቆመው። ከዚያ የሚቀጥለው ኩርባ ግን ጠጠር የለውም፤ ያለው ግንብ ነው። ይህንንም ያወጣጣሁት በጥያቄ ብዛት ነው።

«ወይ ትልቅ ፍሬን አስገባባት፣ ወይ ሽጣት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጥቁር አልለብስም» አልኩት።

«እስቲ እናስብበት» አለ።

አሰብንበት። መካኒኩ «የፍሬኑ ዲስክም ሸራም በትልቅ ይቀየር፤ ሌላ መድኃኒት የለውም» አለ። ወንድሜ «ሽጠህ ተገላገል» አለ። ባሌ ሁለቱንም ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፣ ሁለቱንም አመሰገነ፣ አንዱንም አላደረገም። ስጨቀጭቀው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኛል።

«አንተስ ሳትቸኩል ጠጠር ትለቅም የለም ወይ!»

ይስቃል። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ያገባሁት ትልቅ ባለጸጋ ነው። ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ መኪናዋን አለመተዉ ነው። ወሩ ሲደርስ በዚያው ፍሬን ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ እስኪመለስ ድረስ የሰው መጋረጃ አጣምሜ እሰፋለሁ።

በአራተኛው ወር በዓይኔ ልይ ብዬ አብሬው ሄድኩ። እዚያ አንድ አሰልጣኝ አለ፤ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። ከባሌ አጠገብ ተቀምጦ ጥቂት ዙር ዞሩና ወረዱ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፤ ሽታው እንደተቃጠለ ጨርቅ ነው።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለ አሰልጣኙ፣ ሌሎቹ ነጂዎች ሁሉ በቆሙበት። «ትልቅ ፍሬን አይግዙ። የመኪናዎ ፍሬን ጤነኛ ነው፤ ችግሩ እግርዎ ላይ ነው። ከሩቅ ይጀምሩና ቀስ እያሉ፣ እያባበሉ ይይዙታል። እሱ ደግሞ ፋታ አጥቶ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል። ዘግየት ይበሉ፣ ባንዴ በኃይል ይርገጡት፣ ይልቀቁት። አሁን የሚነዱት የቆመ ተሳፋሪ እንደጫነ ሰው ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። አራት ወር ያሳበደን ነገር መድኃኒቱ አንድ እርግጫ ከሆነ ምን ቀረን? ባሌ ግን አልሳቀም። ፍሬኑ እስኪበርድ ጠብቆ እንደገና ገባ። በአጥሩ በኩል አየዋለሁ፤ ያው ነው። ከሩቅ ይይዛል፣ ያባብላል፣ ከጎማው ጭስ ይወጣል። ደሜ ፈላ።

ወደ ቤት ስንመለስ ያልተናገርኩት የለም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ላንተ ነው! ልጁ አስረዳህ፤ ሰው ሁሉ የሚችለው ነገር አንተን ምን ሆኖ አቃተህ?»

ነዳጅ ማደያ ዳር አቆመ። እጁን ከመሪው አላነሳም።

«አላቃተኝም» አለ። «ከጠጠሩ በኋላ ባለው ወር በራሴ ሞክሬው ነበር። ቀኑን ሙሉ እየረገጥኩ ዋልኩ፤ መኪናዋ ቀጥ ትላለች። ደስ አለኝ።»

«እና?»

«ማክሰኞ ሥራ ላይ አንድ ታክሲ ፊቴ ገባ። ሩቅ ነበር፤ ቀስ ብዬ የምይዝበት ቦታ ሞልቶ ነበር። እግሬ ግን አልጠየቀኝም፤ ረገጠው። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቆመው ነበር። ወድቀው አፋቸውን ብረቱ መታቸው።»

«ምን ሆኑ?»

«ከንፈራቸው ተተረተረ፤ ተሰፋላቸው። አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ልጄ፣ በደንብ ያልያዝኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ› አሉኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ።» ወደ ቀኝ እግሩ አየ። «የቅዳሜ እግርና የሰኞ እግር የለኝም። ያለኝ አንድ ነው።»

አዘንኩ፤ ንዴቴ ግን ከሐዘኔ ጋር ተቀላቀለ እንጂ አልበረደም። ይህን ሁሉ ወር እኔ ጎን እየተኛ ሳይነግረኝ!

«እንግዲያው ትልቁን ፍሬን ግዛዋ!» ብዬ ጮኽኩ። «እያባበሉ ቢይዙት የማይግል፣ ላንተ እግር የሚሆን፤ መካኒኩ የለፈለፈው ይህንኑ አይደለም ወይ?»

«እንዴት ብዬ? ሜዳው ላይ ያሉት ‹ፍሬኑ ትልቅ፣ ነጂው አሮጊት› ሊሉኝ? መቼም የምገዛበትን ምክንያት አልነግራቸው። የእኚያን እናት ደም ማመካኛዬ አላደርገውም። አንቺም ለማንም እንዳትናገሪ፤ ማይልኝ።»

«ወይ ለመተው አልቆረጥክ፣ ወይ ለመግዛት!»

«መተዉንም ሞከርኩ፤ ወሩ ሲደርስ አቃተኝ።»

ማልኩለት። ከማልኩ በኋላ ግን የእሱን ውሳኔ አልጠበቅኩም፤ እዚያው ማደያው ዳር ስልኬን አውጥቼ መካኒኩን «ትልቁን አምጣ» አልኩት። ባሌ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ካገባሁት ጀምሮ እኔ ከወሰንኩ በኋላ ሲቃወም ሰምቼው አላውቅም፣ ያን ቀንም አልተቃወመም።

በሚቀጥለው ወር አብሬው ሄድኩ። ትልቁ ፍሬን ገብቷል። ቢዞር ቢዞር ፔዳሉ አልሰመጠም፣ ጭስም የለም። እኔ በአጥሩ አጠገብ ቆሜ ያንን ግንብ ያለበትን ኩርባ ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼን አልያዝኩም። አሰልጣኙ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ነግሬያቸው ነበር እኮ። ያን ያህል ገንዘብ አውጥተው ያው እንደ አውቶቡስ ነው የሚነዱት። ሌላው ሁሉ እያለፋቸው ነው። ምን አለ እርስዎ እንኳ ቢመክሯቸው?»

ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ለዚህ ልጅ የሴትዮዋን ነገር ብነግረው አንገቱን እንደሚደፋ አውቃለሁ። መሐላው ያዘኝ።

«ግትር ነው» አልኩት። «ቢመክሩትም አይሰማ።»

ባሌ ሁሉም ካለፉት በኋላ ብቻውን መጥቶ በፊታችን አለፈ። ኩርባው ገና ሩቅ ሳለ ከኋላው የፍሬኑ ቀይ መብራት በራ። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። አንዱን በቦርሳዬ ላቀምሰው ምንም አልቀረኝም።