እትዬ ማርሽና የላላው ብሎን

ይሄን ወሬ ጎማ ሊያስነፋ የቆመ ሰው ሁሉ ከኔ ሰምቷል፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ካልነገርኳችሁ ደሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ትምህርት ከሰባተኛ ነው ያቆምኩት፣ ስለዚህ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። መኪና ላይ ግን አልገድፍም።

እትዬ ማርሽ የምንላት ሴትዮ ከኛ ጎሚስታ አጠገብ ያለው ጋራዥ ውስጥ ካምቢዮ ትሠራለች። ካምቢዮ ማለት የመኪናው ማርሽ ያለበት ሆድ ዕቃው ነው፣ ስሟም ከዚያ ነው የመጣው። አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ክንዷ ግን የኔን ሁለት ያክላል። መኪና ገና በሩ ላይ ሲደርስ ድምፁን ሰምታ "ሦስተኛው አልቋል፣ አስገባው" ትላለች። ባለመኪናው "አራተኛው ነው" ብሎ ከተከራከረ "እንግዲያው አንተው ፍታው" ብላ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። አፏ መራራ ነው። እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፣ "አንተ ንፋስ" ነው የምትለኝ። ጎማ ስለምነፋ ብቻ አይደለም አሉ።

ጋራዡን ከባሏ ጋር ነበር የምትሠራበት። እሱ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። አሁን ግማሹ የሷ ነው፣ ግማሹ የዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ማለት ነው። እሱ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው። ምሳ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ፣ አንድ ቧንቧ ላይ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ሳሙናው ግን ለየብቻ ነው።

የጠቡ መነሻ አንድ ጥግ ናት። እዚያ ጥግ ላይ ሸራ የለበሰች አረንጓዴ የስፖርት መኪና ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፣ ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል፣ ጣሪያዋ ደረቴ ጋ አይደርስም። ባልየው ሊያድሳት ሞተሯን አውርዶ ሳይመልሰው ነው የሞተው። ቀለም ቀቢው ደሞ ያን ጥግ አጥሮ አቧራ የማይገባበት የቀለም ክፍል ሊያደርገው ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ያስፈልገዋል። ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ እየገባበት ስንት ኮፈን ሁለት ሁለቴ ቀብቷል። ግን ሰውየው እንደ ሰው አይጠይቅም።

"ይሄ ሬሳ መቼ ነው የሚወጣው?" ይላታል በየጠዋቱ፣ ሸራውን በጫማው እየነካ።

"አንተ ስትወጣ" ትለዋለች።

አንድ ቀን ሳያማክራት ቆራሌዎች ይዞ መጣ፣ አሮጌ ብረት የሚወስዱትን። እሷ የምሳ ዕቃዋን አንስታ ኮፈኑ ላይ ወጣችና እዚያው ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች። ሰዎቹ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያሉ። እሷ ቀስ ብላ ታኝካለች። በኋላ ሰለቻቸውና ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ።

"ሬሳ ነው ያልካት?" አለችው አፏን እየጠረገች። "ነድቼ አሳይሃለሁ።"

"የት? እዚህ ግቢ ውስጥ?"

"መሮጫው ላይ።"

ከከተማ ወጣ ብሎ የመኪና መሮጫ አስፋልት አለ። በወር አንድ እሁድ እንደኛ ላለው ተራ ሰው ይከፈታል። ዋንጫ የለው፣ ሽልማት የለው፣ የራስህን መኪና ይዘህ ገብተህ ትዞራለህ። ግን ሳትገባ በፊት ፈታሹ መኪናህን ያያል። ደህና ነው ካለ መስታወትህ ላይ ወረቀት ይለጥፍልሃል፣ ካላለ ወደ ቤትህ።

ቀለም ቀቢው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ተስማሙ። ዝናብ ሳይገባ በመጨረሻው እሁድ ፈታሹ ካሳለፋት ጥጉ ለዘለዓለሙ የሷ ነው። ካላሳለፋት ሰኞ ጠዋት ቆራሌ ይወስዳታል። እኔ ምስክር ሆንኩ። ማንም አልጠራኝም፣ ግን ሆንኩ።

ሰባት ወር ፈጀባት። የጭስ ማውጫው ውስጥ አይጥ ልጆች አሳድጋበታለች። ፒስተኖቹ ዝገው ተጣብቀው ስለነበር ዘይት አፍስሳባቸው ሳምንት ሙሉ ጠበቀች፤ በየቀኑ ቁልፍ አስገብታ ትሞክራለች፣ ትሰድባቸዋለች፣ ትሄዳለች። በስምንተኛው ቀን ዞሩ። የፍሬን ጎማዎቹን አንድ ሳታስቀር ቀየረች። ካምቢዮውንማ ስትሠራ ማየት ነበር፤ ጥርስ በጥርሱ ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድራ በባትሪ መብራት ስታየው የጥርስ ሐኪም ነው የምትመስለው።

ዋርሳዋ ዝም አላለም። የደንበኛ መኪና ከፊቷ አቁሞ ቁልፉን ኪሱ ይዞ ይጠፋል። ሞተሯን በከፈተችበት ቀን አሸዋ ወረቀቱን አውጥቶ አቧራውን ወደሷ ያቦናል።

"ወደዚያ ዞረህ ሥራ።"

"ጋራዡ ግማሹ የኔ ነው። አቧራውም የኔ ግማሽ ነው።"

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እዚያ ጋራዥ አንድ ብሎን ለመጨረሻ ከጠበቀ በኋላ ቀይ የጥፍር ቀለም ይቀባል። ከብሎኑ ጭንቅላት እስከ ብረቱ አንዲት ቀጭን መስመር። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል፣ በዓይን ይታያል። ቀይ ያለበትን ማንም አይነካውም፣ ያለቀለት ነው። ባልየው በነበረ ጊዜ እሱ በቁልፍ እያጠበቀ ከፊት ይሄዳል፣ እሷ ጠርሙሷን ይዛ ከኋላው እየቀባች ትከተላለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ነው የሠሩት። ሲሞት ቁልፉም ብሩሹም እሷ እጅ ቀረ።

እሁድ ደረሰ። ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። እኔ ጎኗ ገባሁ፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። ቀለም ቀቢው ፒክአፑን ይዞ ከኋላችን። አርባ ደቂቃ መንገድ ነው፣ መሃሉ ላይ ደሞ ረጅም ቁልቁለት አለ። እዚያ ስንደርስ አፌ አላርፍ አለኝ።

"እትዬ፣ ፍሬኗን እስቲ ሞክሪያት።"

ረገጠችው። ግንባሬ ዳሽቦርዱን ሊስም ምንም አልቀረው።

"ሌላ የምትሞክረው አለህ?" አለችኝ። ሳቅን። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አልሳቅኩም፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ።

ፈታሹ ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ። ሳይቸኩል ዞራት። መሪውን ነቀነቀ፣ ቀበቶውን ጎተተ፣ በባትሪ የጎማዎቹን ውስጥ አየ፣ ቀይ መስመሮቹን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። "የጋራዥ ሰው የሠራት ናት" አለ። የሚለጠፈውን ወረቀት አወጣ።

ያኔ ቀለም ቀቢው ፒክአፑን ተደግፎ ቆሞ "የግራውን የፊት ጎማ አውርድ" አለው። "ፍሬኑን የሚይዘውን የታችኛውን ብሎን በቁልፍ ሞክረው።"

"ቀይ አለው እኮ" አለ ፈታሹ።

"ሞክረው።"

ጎማው ወረደ። ፈታሹ ቁልፉን ብሎኑ ላይ አደረገና ገፋ። ብሎኑ ያለምንም ትግል ግማሽ ዙር ዞረ። በእጅ ብቻ ነው የገባው።  ፈታሹ ወረቀቱን ኪሱ መለሰው።

እትዬ ማርሽ ብሎኑን አየችው፣ ከዚያ እጇን አየች። "ቀብቼዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ሳላጠብቀው ቀብቼዋለሁ። እጄ እንደ ድሮው እሱ ያጠበቀው መሰለው።"

"ጥፍር መቀባት መቼ ጠፋሽ" አለ ዋርሳዋ። "ማጥበቁ ነው እንጂ። ሰኞ ጠዋት ቆራሌ ይመጣል።"

ፈታሹ ወደሱ ዞረ። "አንተ መቼ ነው ያወቅከው?"

"ሐሙስ። ቁልፍ ሳታስገባበት ስትቀባው ከወዲያ ሆኜ አየሁ።"

"ዛሬ እሁድ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"በዚህ ፍሬን ያን ቁልቁለት ወርዳለች።"

"ስምምነታችን ፈታሽ ያያል ነው። እኔ ፈታሽ ነኝ? ለምን እነግራታለሁ?"

 "ጋሼ፣ እኔም ውስጧ ነበርኩ" አልኩት።

"አንተን ማን ግባ አለህ?" አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ያን ፊት እስከዛሬ አልረሳውም።

ፈታሹ ሰዓቱን አየ። "በር የሚዘጋው አራት ሰዓት ነው። እዚሁ የሚስተካከል ጉድለት እስከዚያ ከተስተካከለ አሳልፋለሁ፣ ለሁሉም እንደዚያ ነው የማደርገው። አንድ ብሎን ነው፣ አጥብቂውና ልለጥፍልሽ።"

"ሁለተኛ ዕድል ስምምነቱ ውስጥ የለም" አለ ቀለም ቀቢው።

"ከኔ ጋር ተስማምተሃል?" አለው ፈታሹ። "በሩ የኔ ነው።"

እሷ ግን ቁልፏን አላነሳችም። ቤንዚን የነካ ጨርቅ አንስታ ቀይ መስመሮቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረች። ሁሉንም። የአራቱን ጎማ፣ የመሪውን፣ የወንበሩን፣ የቀበቶውን።

"እትዬ፣ አንዱ ነው እኮ የላላው። ሰዓት የለንም።"

"አንዱን የሳተ እጅ ሌላውን ስላለመሳቱ ማን ዋስ ይሆነኛል? አንተ? ዞር በልልኝ።"

ሲጠብቅ ቀጭ የሚል ቁልፍ አላት። አስፋልቱ ላይ ተጋደመችና አንዱን ብሎን ገፋች፣ ቀጭ፣ ቀባች። ሌላውን ገፋች፣ ቀጭ፣ ቀባች። አምሳ ስምንት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ሌሎቹ እየገቡ ሲዞሩ ድምፃቸው ይሰማናል። ዋርሳዋ ሰዓቱን እያየ ቆሟል፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ እንኳ ጨርቅ አላቀበላትም። እኔም ላቀብላት ብዬ ተሰድቤያለሁ። ከግራ ፊቱ በቀር ሌላ የላላ አልተገኘም።

ፈታሹ ራሱ ስድስት ብሎን መርጦ ሞከረ። አንዱም አልነቀነቀለትም። ወረቀቱን ለጠፈው። አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

መሮጫው ላይ ገብታ ዞረች። አሸነፈች ብዬ አልዋሻችሁም፣ አዲሶቹ መኪኖች እንደ ቆመ ምሰሶ ነው ያለፏት። ቀጥታው ላይ ያሳዝን ነበር። ማጠፊያው ላይ ግን ያቺ አረንጓዴ ለጥ ብላ፣ ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ ድምፅ ሳይሰማ፣ አንዱን ባለ አዲስ መኪና ሁለቴ ጭራው ላይ ደርሳበታለች። አሥር ዙር ጨርሳ ወጣች። ሄልሜቷን ስታወልቅ አልሳቀችም።

ቀለም ቀቢው መጣ። "በቃ፣ ጥጉ ያንቺ ነው" አለ፣ የተሸነፈ ሰው ሳይሆን የሰጠ ሰው መስሎ።

"ውሰደው" አለችው።

"ምን?"

"ጥጉን ውሰደው። ሐሙስ ምሳ አብረን በላን። ዓርብ በላን። ቅዳሜ ጨው አቀብልኝ ስልህ አቀበልከኝ። ጨዉን ስታቀብለኝ ስለ ብሎኑ ታውቅ ነበር። ከተጣላሁት ሰው ጋር እሠራለሁ፣ ካንተ ጋር ግን አንድ ጣሪያ ስር ብሎን አልፈታም።"

"የራስሽ ጥፋት እኮ ነው" አለ።

"የራሴ ነው። እሱን አላልኩህም።"

ሰኞ ዕለት ቆራሌ አልመጣም። አለቃዬ ከጎሚስታው ጀርባ ያለውን የጎማ መጋዘን ለቀቀላትና መኪናዋንም፣ የካምቢዮ ጠረጴዛዋንም ወደዚያ አመጣን። ደንበኞቿም እግር በእግር ተከትለዋት መጡ። ቀለም ቀቢው ክፍሉን ሠራ፣ ቀለሙ አሁን አቧራ የለበትም፣ ያምራል፣ አልዋሽም። በር ላይ ሲገናኙ አንዳቸውም ሰላም አይሉም። እኔም አልለውም።

ግን ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። አለቃዬ ራሱ "ሰውየው ስምምነቱን አላፈረሰም፣ ማጥበቅ የሷ ሥራ ነው" ይላል። እኔ ደሞ ያ ቁልቁለት ትዝ ይለኛል። እናንተ ብትሆኑ ያሸነፋችሁትን ጥግ ትታችሁ ትወጡ ነበር? እንዲህ ጥፋታችሁን እያወቀ፣ ዝም ብሎ ጨው ያቀበላችሁ ሰው ገጥሟችሁስ ያውቃል?