ከጋሼ ኋላ አሥር ማይል

ከኮሎምበስ ተነስተን ሰሜን ሚሺጋን፣ ትልቁ ሐይቅ ዳር እስክንደርስ አሥር ሰዓት ነዳን። ነዳች ብል ይሻላል፤ መሪውን የያዘችው ልጄ ናት። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሴት፣ ለበዓል ልብስ እንደተገዛለት ሕፃን መቀመጥ አቃተኝ። በየነዳጅ ማደያው እየወረድኩ ጉልበቴን አጥፍና እዘረጋ ነበር።

ለጉልበቴ መጨነቄ ያለ ነገር አይደለም። ከሁለት ክረምት በፊት ኮሎምበስ አጠገብ ጋሃና በምትባል ከተማ፣ የምንከባከባቸው አሮጊት በር ላይ በረዶ አንሸራተተኝና የጉልበቴ ሎሚ ተሰነጠቀ። ኦፕሬሽን፣ ቴራፒ፣ ከዚያ ሶፋ። ሥራዬ አቅመ ደካሞችን ማንሳት፣ ማጠብና ማስተኛት ነው፤ እሱን እንጂ ሌላ ሥራ አላውቅም። አሁን እዚያው ኮሎምበስ ዳር፣ ደብሊን በሚባል ሰፈር የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ስልክ የመመለስ ሥራ ሰጥቶኛል። የሰማ ሁሉ "እድለኛ ነሽ፣ ተቀበይ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ከራሴ ጋር ተማማልኩ፦ ይህን በገደል አፋፍ የሚዞር አሥር ማይል በእግሬ ከጨረስኩ ወደምንከባከባቸው ሰዎቼ እመለሳለሁ፤ ካልጨረስኩ ሰኞ ደውዬ ለቢሮው እሺ እላለሁ። ሐኪሜ እንዲህ ያለ ፈተና አላዘዘልኝም። ግትርነቱ የራሴ ነው።

ሦስተኛው ተጓዥ ጋሼ ናቸው፤ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ ሠርተው ጡረታ የወጡ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦለንታንጂ ወንዝ ዳር አብረውኝ የተራመዱት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ እስከ አንደኛው ድልድይ፣ ከወር በኋላ እስከ ሁለተኛው። አሁን የምንሄድበት መንገድ ክብ ነው፣ የረገጥነውን ሳንደግም እዚያው መኪናው ጋ ይመልሰናል ስላቸው "ዞሮ ዞሮ ከቤት" አሉና ከዘራቸውን ይዘው መኪና ውስጥ ገቡ።

ጉዞው በጫካ ጀመረ። ኦለንታንጂ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ጎን ለጎን ነበር የምንሄደው፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ማንም ሳይመክርበት ጋሼ ፊት፣ እኔ መሃል፣ ልጄ ኋላ ሆንን። ትልቅ ሰው እያለ ማን ይቀድማል? ችግሩ ጋሼ መብረራቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የማውቃቸው ሰው አልመስል አሉኝ። ቀስ ይበሉ እንዳልል፣ በሃያ ዓመት የሚበልጡኝን ሰው ይሉኝታ ያዘኝ። መደገፊያ ዘንጌን እያንኳኳሁ ተከተልኳቸው። እሳቸው ባሱ። እኔም ባስኩ።

"ማሚ፣ ለምንድነው የምትሮጡት?" አለች ልጄ ከኋላ። ዝም በይ አልኳት፤ ትንፋሼን ለሌላ ነገር እፈልገው ነበር።

ከዚያ ጫካው አለቀና ሐይቁ ወለል አለ። ሐይቅ ነው ይበሉ እንጂ ማዶ የለውም፤ ባሕር ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ገደሉ ቀጥ ብሎ ወርዶ አረንጓዴ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ቀይና ቢጫ ቀለም ከላይ እስከ ታች ፈሷል። ትንሽ እንደሄድን ከገደሉ ተገንጥሎ ብቻውን የቆመ የድንጋይ ዓምድ አገኘን። አናቱ ላይ አንድ ጥድ በቅሏል። ድንጋዩ ላይ አፈር ስለሌለ ሥሩ ክፍተቱን በአየር ላይ ተሻግሮ ወዲህኛው ገደል ውስጥ ገብቷል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ አዩትና "ይቺ ዛፍ ሞኝ አይደለችም" አሉ። እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት። ማዶ የለም ያልኩት ሐይቅ መለሰልኝ መሰለኝ። ፎቶ ሲያነሱ የነበሩ ባልና ሚስት አጨበጨቡ፣ ልጄ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ጉልበቴ መቃጠል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ወንዝ ሐይቁን የሚቀላቀልበት አሸዋ ላይ ስንደርስ ከግማሽ በላይ መንገድ ሄደናል። ጋሼ ቁጭ አሉና ጫማቸውን አወለቁ። ተረከዛቸው ተልጦ ካልሲያቸው ደም ነክቶታል። ታዲያ ምን አስቸኮልዎት አልኳቸው።

"ዘንግሽ ከኋላዬ ሲያሯሩጠኝ ምን ላድርግ? ቸኩላለች ብዬ እኮ ነው።"

እኔ ደግሞ ጥለውን እንዳይሄዱ ብዬ መሮጤን ነገርኳቸው። ልጄ በሳቅ አሸዋው ላይ ተዘረጋች። ተረከዛቸውን በፕላስተር ካሸግንላቸው በኋላ በጣም ቀርፋፋው ሰው ከፊት ይሁን ብላ ፈረደች፤ ቀርፋፋዋ እኔ መሆኔ ነው። ጋሼም ቅደሚ አሉኝ። ነውር ነው አልኩ። ደግመው አሉኝ፣ ደግሜ እምቢ አልኩ። በሦስተኛው፣ ትልቅ ሰው ሲያዝ እምቢ ማለቱስ ነውር አይደለም ወይ ብለው አፌን አስያዙኝ።

በወንዙ ዳር እየመራሁ ሄድኩ። ጀርባዬን ለሳቸው መስጠቴ እያሳፈረኝ፣ እግሬ ግን በራሱ ልክ ስለሚረግጥ እያመሰገነኝ። ጥቂት እንደሄድን እርጥብ ሥሮች የተጋደሙበት ቦታ ላይ ከኋላዬ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል። መነሳት እምቢ ብሏቸው ልጄ ክንዳቸውን ትጎትታለች።

"እጃቸውን አትጎትቺ!" አልኳት። ቁርጭምጭሚታቸውንና ዳሌያቸውን ዳሰስኩ፤ ደህና ናቸው። እግሮቻቸውን ሰብስቤ አስረገጥኳቸው፣ እግሬን ከእግራቸው ፊት አስደገፍኩ፣ ጉልበቴን አጥፌ ዝቅ አልኩና በጀርባቸው በኩል ቀበቶአቸውን ያዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ደግፌያቸው ቆየሁ፤ ከዚያ ጭቃውን ከሱሪያቸው ማራገፍ ጀመርኩ።

ቀና ስል ልጄ ጉልበቴን እያየች ነው።

"ማሚ" አለች፣ "ኒሽን... ጉልበትሽን ረሳሽው።"

እውነቷን ነው። አሞኛል፣ ሠርቶ እንደደከመ ሰው ነው ያመመኝ እንጂ እንደተሰበረ አይደለም። ጋሼ ከዘራቸውን ተቀብለው ተደገፉና በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ ሰው አነሳ እንደነበር ጠየቁኝ። ስድስት፣ ሰባት ጊዜ አልኳቸው።

"ታዲያ ይህን ለማወቅ ገደል ለገደል መዞር ምን አስፈለገሽ?"

 ሳቅኩ፣ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። ወደ መኪናው ገና ሦስት ማይል ይቀረን ነበር። ፈተናዬን ግን እዚያው ጭቃ ላይ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረውን የሄድኩት ለደስታዬ ነው።