በተዝካሩ ዋዜማ ባትሪ ስሞላ

ወንድሜ ከታመመ ጀምሮ ሚኒባሱን የነካው ሰው የለም። ከሞተ በኋላም እናቴ በሩን አላስከፍት አለች። ቁስቋም ካለው ግቢያችን አጥር ሥር ዝም ብሎ ቆመ። ተዝካሩ ሲደርስ ግን፣ "እንፍራንዝ የምሄደው በልጄ ማኪና ነው። ካልሆነ እቀራለሁ" አለች። እንፍራንዝ ወንድሜ ከአባቴ ጎን የተቀበረበት ነው።

በዋዜማው ቁልፉን ባዞረው ድምፅ የለም። ባትሪው ጨርሶ አልቋል።

መብራት ጠፍቶ ውሎ የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ተመልሶ ሳይሄድ መቸኮል ነበረብኝ። ወንድሜ፣ አያ ነበር የምለው፣ ባትሪ የሚሞላው በረንዳ ላይ ነው። ያን ዕለት በረንዳውን ዝናብ ስለመታው ባትሪውን ፈትቼ እሱ ክፍል አስገባሁት። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። የባትሪውን ውሃ አየሁ። የባትሪ መሙያውን ቀይና ጥቁር መቆንጠጫ በየቦታቸው አሰርኩ፤ ከዚያ ሶኬቱን ሰካሁ፤ የመሙያውን ማዞሪያ ፈጣኑ አሞላል ላይ አደረግሁ። እሱ ቢኖር፣ "ቀስ! የጾመ ሰው በአንዴ ጥሬ ሥጋ ይጎርሳል?" ይለኝ ነበር። ስለዚህ እጄን ከባትሪው ጎን አላነሳሁም። ከጋለ ማቆም ነው። ለብ አለ እንጂ አልጋለም። ውስጡ ግን ይፍለቀለቅ ጀመር።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ጧፍ አብርታ ቆማለች። በየምሽቱ አልጋው ራስጌ ለነፍሱ ታበራለታለች። እኔ ረስቼዋለሁ።

"እማ፣ አትግቢ! ውጭ!"

ደነገጠች። "ምነው ልጄ? በወንድምህ ክፍል ትጮህብኛለህ?"

"ባትሪው ጋዝ ያወጣል። እሳት ካገኘ ይፈነዳል።"

ጧፉን በእጇ ከልላ ወደ በረንዳው ተመለሰች። "እሱ ሲሞላ አንድ ቀን ጮሆብኝ አያውቅም።"

"እሱማ ውጭ ነበራ የሚሞላው!"

"ታዲያ አንተ ምነው እዚህ አመጣኸው?"

መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ መቆንጠጫውን ባስቀድም ብልጭታ ነው። መስኮቱን ከፈትኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበርና ባትሪውን በረንዳ ላይ ሳንቃ አንጥፌ አስቀመጥኩት፤ አሁን በዝግታው ሞላሁት። ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ እሷ ጧፏን ይዛ ገባች፤ በሩን ዘጋች። እኔ ከባትሪው ጋር ውጭ ቀረሁ። ስታወራው ይሰማኛል። እኔን ያን ያህል አውርታኝ አታውቅም።

ጠዋት ሚኒባሱ ወዲያው ተነሣ። ጋቢናውን ከፈትኩላት። ከእሱ ጋር ስትሄድ ሌላ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። ትንሽ አየችውና ከኋላ ገባች።

"እማ፣ ወደ ፊት ነይ እንጂ።"

"ይመቸኛል። ንዳ፣ ቅዳሴው እንዳያመልጠን።"

እስከ እንፍራንዝ አጠገቤ ሰው የለም። በመስታወቱ ሳያት መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሰን ወረደች። እኔ ሞተሩን ማጥፋት ፈርቼ ተቀመጥኩ። ጥቂት ሄዳ ዞረች።

"ምን ትጠብቃለህ?"

"ተመልሶ ባይነሣስ፣ እማ?"

"እንገፋዋለና። አጥፋውና ና።"