ቦራ የፈረሰ ቀን

እዚህ አዲስ አበባ፣ በምኖርበት ሰፈር፣ ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፍ ሰው አለ። አሮጌ ብረት፣ የተሰበረ ወንበር፣ የዛገ ቆርቆሮ ይገዛል። ጎረቤቶቼ ድምፁን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ብረቱ ከማዳበሪያው ውስጥ ሲንኳኳ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በግቢያችን አንድ መኪና ሲፈርስ አይቻለሁ። የዚያ ቀን ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ያደግኩት መቱ ነው፣ ወደ ሁሩሙ በሚያወጣው መንገድ ዳር። ትምህርት ቤት በቁቤ እየጻፍን፣ ሰፈር ውስጥ በአማርኛ የምንሰዳደብ፣ ስንወድቅ ደግሞ «አዮ ኮ!» ብለን በኦሮምኛ እናታችንን የምንጣራ ልጆች ነበርን። አባቴ ቡና ነጋዴ ነበር። ከዳሪሙና ከኖፓ ቡና የሚያመላልስበት አንድ አሮጌ ፒካፕ ነበረው። የግንባሩ ቀለም ተልጦ ነጭ ስለሆነ እንደ በሬ ስም አውጥተንለት «ቦራ» እንለው ነበር። የሚነዳው የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ነስሩ ነው። አጎቴ ሳቂታ ነበር፤ ጭቃ ሲይዘው እንኳ ቦራን እንደ ከብት እየደባበሰ «ና የኔ ጌታ፣ ና» ይለዋል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ቦራ ቁልቁለት ላይ ተንሸራተተ። በቅሎ እየሳበ ማር ይዞ ወደ ገበያ የሚሄደውን ጣሃ የሚባል የዳሪሙ ሰው ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አጣበቀው። ጣሃ እዚያው ሞተ። አጎቴ ታሰረ። ቦራ ከፖሊስ ሲመለስ ማንም ሊነዳው አልፈለገም፤ ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ቆሞ ዛገ። ዶሮዎች ወንበሩ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር፤ ውስጡ የረጠበ ስፖንጅና የአይጥ ሽንት ይሸታል። እኛ ልጆች ተደብቀን እንገባና መሪውን እያዞርን «ጎሬ! ጋምቤላ!» ብለን ተሳፋሪ እንጠራለን። እናቴ ከያዘችን ወዮልን። «ሰው የበላ ነገር ላይ ትጫወታላችሁ?» ትልና ኩርኩሟን ታወርድብናለች።

አጎቴ ተፈትቶ ሲመጣ ሳቁን እዚያው ትቶት መጣ። የፍርድ ቤቱ ነገር አለቀ እንጂ የደሙ ነገር አላለቀም ነበር። በእኛ አገር ሰው የገደለ፣ ሳያስበው እንኳ ቢሆን፣ ጉማ መውረድ አለበት። ሽማግሌ ገብቶ፣ የሟች ወገን ካሳ ተቀብሎ ካልታረቀ ሁለቱ ወገኖች በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ ከአንድ ምንጭ አይጠጡም። የጣሃ ታላቅ ወንድም ሁሴን ደግሞ ትከሻው ሰፊ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው። በየገበያው ቀን በራችን ላይ ሲያልፍ ቆም ይልና በአጥሩ ቀዳዳ ቦራን ያያል፤ ምራቁን ተፍቶ ይሄዳል። ያኔ አጎቴ ጓዳ ይገባል። «ይሄ ሰው አንድ ቀን ነስሩን ይገድለዋል» ትላለች እናቴ።

ሽማግሌዎቹ ስንት ጊዜ ተመላልሰው እርቁን ሊጨርሱ ሲሉ ሁሴን አንድ ነገር ጠየቀ፤ መኪናው ከዓይኔ ይጥፋልኝ አለ። የሽማግሌዎቹ የበላይ አባ መጫ ብዙ አላሰቡም። የገደለው ብረት ሙሉውን ቆሞ እርቅ የለም፣ ሁለቱ ቤተሰብ አብረው ያፍርሱት፣ አንዲት ብሎን እንዳትሸጥ፣ ሁሉም ይቀበር ብለው ፈረዱ። «በሬውን አብራችሁ ጣሉት፤ ያኔ ማንም በማንም አይስቅም» አሉ።

በቀጠሮው ጠዋት ከጓሮ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። የጣሃ ዘመዶች መጥረቢያና መዶሻ ተሸክመው ሲገቡ የእኛ ሰዎች ተነሥተው ቆሙ። ከወዲያ እነሱ፣ ከወዲህ የእኛ ሰዎች፣ መሃል ላይ ቦራ። ብረቱን የሚያይ አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን እጅ ነው የሚያየው። አባ መጫ ዱዓ አደረጉና ጀምሩ አሉ።

የመጀመሪያውን የመታው ሁሴን ነው። የፊቱ መስተዋት እንደ ቆሎ ተበተነ። ከዚያ ሁሉም ገባበት። በሩ ተገነጠለ፣ ጣሪያው በመጥረቢያ ተተረተረ፣ ወንበሩ በቢላ ተዘለዘለ። የቆየ ዘይትና የዛገ ውሃ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ዶሮዎቹ እየጮሁ በአጥር ዘለሉ። ሰዎቹ መኪና የሚያፈርሱ አይመስሉም ነበር። እየጮሁ፣ እየተራገሙ፣ እያለቀሱ ይመቱታል። የጣሃ ሚስት በድንጋይ የፊት መብራቱን መታች፤ ተሰብሮ ካለቀ በኋላም መምታቷን አላቆመችም። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደብቄ ነበር፤ ውስጤ ግን ሄደሽ ምቺው ምቺው ይለኛል። ያ ስሜት ምን እንደነበር ዛሬም እንጃ።

በመጨረሻ ሁሴን የፊቱን ክዳን ከፈተ። ባዶ ነበር። ሞተር የለም።

«ኦንኔን ኢሳ ኤሳ ጂራ?» አለ ቀስ ብሎ። ልቡ የት አለ ማለቱ ነው።

ሁላችንም አባቴን አየነው። አባቴ ነጋዴ ነው። ከአባ መጫ ፍርድ በኋላ ሞተሩን በስውር አስፈትቶ ሁሩሙ ላለ አንድ ወፍጮ ቤት ሸጦታል። «ብረት ደም አያውቅም፤ ለምን አፈር ይብላው?» ብሎ ነበር ለእናቴ። ለአጎቴ ግን ትንፍሽ አላለም። አባቴን እወደዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ስስቱ ወንድሙን ሊያስበላው ነበር።

«ልቡ የወጣ በሬ ላርድ ነው የጠራችሁኝ?» አለ ሁሴን። መዶሻውን እንደያዘ ዞረ፣ ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ አጎቴ። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሡ። የእኛ ሰዎች መጥረቢያቸውን ጨበጡ፣ የእነሱም ጨበጡ። አንድ ሰው ቢያስነጥስ ግቢያችን በደም ይታጠብ ነበር።

አጎቴ አልሸሸም። ከመሬት የብረት መቁረጫውን መሮ አነሳና በቦራ ጎማ አጠገብ ተንበረከከ። የዛገ ብሎን የሚቆረጠው ለሁለት ነው፤ አንዱ መሮውን ብሎኑ ላይ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው በመዶሻ ይመታል። የሚይዘው ሰው እጁን ለሚመታው ሰው አደራ ሰጠ ማለት ነው። አጎቴ መሮውን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ።

«ሩኩታ፣ ኦቦ» አለ። ይምቱ ማለቱ ነው።

እናቴ ዓይኔን ሸፈነችው፤ በጣቶቿ መሃል አየሁ። መዶሻው ወረደ። የተሰማው ድምፅ የብረት አልነበረም። የአጎቴ አውራ ጣት ተጨፈለቀ፣ ደሙ ጎማው ላይ ተረጨ። ሆን ብሎ ይሁን ስቶት እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ የጠየቀውም የለም። አጎቴ አንድ ጊዜ እንደ በሬ አጓራ። ከዚያ መሮውን በግራ እጁ ያዘና እዚያው ብሎን ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ሩኩታ።»

ሁሴን መዶሻውን አንስቶ ቆመ። ከዚያ መታ፤ ብሎኑን። ደግሞ መታ፣ ደግሞ፣ ብሎኑ ተቆርጦ እስኪፈናጠር። አጎቴ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሁሴን «ጣሃ! ጣሃ!» እያለ፣ እንባው ከአፍንጫው ጋር ተቀላቅሎ፣ ይመታል። ሊያግዛቸው የተጠጋ ሰው አልነበረም። የመጨረሻው ብሎን ወልቆ ጎማው ሲወድቅ ሁሴን መዶሻውን ወረወረና የሽርጡን ጫፍ ቀዶ የአጎቴን እጅ አሰረለት። አስተሳሰሩ የርኅራኄ አይመስልም፤ ፊቱን አጥቁሮ፣ ጥብቅ አድርጎ ነው ያሰረው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ «ሞተሩ ይምጣ» አለ።

አባቴ በዚያው ወደ ሁሩሙ ወጣ። በማግስቱ ሞተሩ በጭነት መኪና መጣ። ወፍጮው ቆሞባቸው በሩ ላይ እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች አባቴን የረገሙት እርግማን ግን ከሞተሩ ቀድሞ መቱ ገብቷል። ሞተሩም ተሰባብሮ ጉድጓድ ገባ። እናቴ ቢያንስ አንድ ቆርቆሮ ለዶሮ ቤት ለመውሰድ ተመኝታ እጇን ስትዘረጋ አባ መጫ አዩዋት፤ እጇን መለሰች። አፈሩ ተመለሰ፣ ተረገጠ። ከዚያ ወዲያ ሁሴን በራችን ላይ ሲያልፍ «ነስሩ፣ አለህ?» ይላል። አጎቴ ይወጣል። ብዙ አያወሩም፣ ገበያ ድረስ አብረው ይሄዳሉ እንጂ። የመጀመሪያ ቀን አብረው ሲሄዱ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጥቶ አያቸው።

አሁን በምኖርበት ሰፈር አንድ ሰው የጎረቤቱን ልጅ በመኪና ገጭቶ ገደለ። ሁሉም በሕጉ ተፈጸመ። ኢንሹራንስ ከፈለ፣ ፍርድ ቤት ወሰነ፣ መኪናው ቀለም ተቀብቶ ተሸጠ። ሁለቱ ሰዎች ዛሬም በአንድ መንገድ ላይ ይኖራሉ፤ ሲተያዩ አንዱ ወደ ማዶ ይሻገራል። የድሮው ይሻላል ልል አይደለም። ያን ቀን ያየሁትን ልጄ እንድታይ አልፈልግም። ግን እነዚህን ሁለት ሰዎች ባየሁ ቁጥር አባ መጫን አስባለሁ፤ በአንድ ግቢ አስገብቶ ያስጮኻቸው ሽማግሌ የለም።

አጎቴ ነስሩ ባለፈው ክረምት ሞተ። ለቀብሩ መቱ ሄድኩ፤ እኛ ሴቶች ራቅ ብለን ቆምን። ወጉ እንደሆነው ጀናዛውን መቃብር ውስጥ ወርዶ የሚቀበለው የቅርብ ዘመድ ነው። አባቴ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ከዳሪሙ በዝናብ የመጣው፣ አርጅቶ የጎበጠው ሁሴን ምርኩዙን አጠገቡ ላለ ሰው ሰጠና ቀድሞት ወረደ። አባቴ አንድ እግሩ በባዶው እንደሆነ ቆሞ ቀረ። ሁሴን ከታች ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«ስጡኝ» አለ። «የእኔ ነው።»